ያልሳተው እጅ ለምን ተናቀ?

ፉከራን በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ፎካሪው ግዳዩን ይቆጥራል እንጂ የተለማመደበትን ዘመን አይቆጥርም። አንበሳው ይጠራል፣ ጎሹ ይጠራል፣ ዝሆኑ ይጠራል። ጦሩና ፈረሱም ይወደሳሉ። ያ ጦር አንድ ቀን ዒላማውን እንዲያገኝ ቀድመው በከንቱ የተወረወሩት ሺህ ጦሮች ግን በፉከራው ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ነገሩ ተራ ይመስላል። ተራ ግን አይደለም። የኢትዮጵያን የአደን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፣ ግዳዩን ያከበረው ማኅበረሰብ ልምምዱን ንቆ እንደኖረ ይታየዋል። ንቀቱም በልምምዱ ብቻ አላበቃም። ልምምድን የዕለት እንጀራው ባደረገው ሰው ላይም አረፈ። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት አገሮች አንዱ ካፋ ነው።

፨

አስቀድሞ ስለ ዒላማ ጥቂት እንበል።

ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ተጉዛችሁ፣ በቆሎ በሚያሸትበት ወራት ቢታ ገነት አካባቢ ብትደርሱ፣ በማሳው መካከል ማማ ታያላችሁ። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይቀመጣል። ሥራው ጦጣና ዝንጀሮን ከእሸቱ ማራቅ ነው። ጦጣ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። ልጁ ድንጋዩን አሁን ወዳለችበት ቢለቀው አየር ይመታል፤ ወደምትደርስበት መልቀቅ አለበት። ርቀቱን፣ ነፋሱን፣ የድንጋዩን ክብደት በቁጥር አያውቃቸውም። ክንዱ ግን ያውቃቸዋል። ማንም አስተማሪ አልቀጠረለትም፤ ያስተማረው መሳቱ ነው። በሳተ ቁጥር አንድ የበቆሎ እሸት ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ የአባት ቁጣ ይጠብቀዋል።

ቀስተኛ የሚማረውም ይህንኑ ነው፤ የእሱ ትምህርት ግን ይከብዳል። ፍላጻ እንደ ጥይት ፈጣን አይደለም። ቀርፋፋ ስለሆነ እየሄደ ይወርዳል። ርቀቱን በጥቂት እርምጃ አሳስቶ የገመተ ሰው ወይ ከእንስሳው ጀርባ በላይ ያሳልፋል፣ ወይ ከሆዱ በታች ይሰዳል። ጅማቱን የሚስበው እጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ጉንጭ ወይም አገጭ ላይ፣ ማረፍ አለበት። ዛሬ ጉንጭ ላይ፣ ነገ ጆሮ ሥር ያረፈ እጅ ሁለት የተለያዩ ፍላጻዎችን ይልካል። ጣት ሲለቅ ካፈነገጠ ፍላጻውም ያፈነግጣል። በመንገዱ ላይ ያለች ቀጭን ቅርንጫፍ እንኳ ሁሉንም ታበላሻለች።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ፍላጻ የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ልብ ወይም ሳንባ ያላገኘ ፍላጻ እንስሳውን አይጥልም፤ አቁስሎ ይሰደዋል። የቆሰለው እንስሳ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይሰቃያል። ጎሽ ከሆነ ደግሞ አድብቶ አዳኙን ይጠብቃል። ስለዚህ ለቀስት አዳኝ አለመሳት የክብር ብቻ ሳይሆን የምሕረትም ጉዳይ ነው።

በሰሜን አሜሪካ በቀስት የሚያድኑ ሰዎች የአደን ወቅት ከመከፈቱ ከወራት በፊት ልምምድ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። በአንድ ቀን መቶ ፍላጻ ከመልቀቅ በየቀኑ ጥቂት መልቀቅ ይሻላል ይላሉ፤ የደከመ ጡንቻ የሚለምደው ስሕተትን ነውና። ቆመው ብቻ አይለማመዱም፤ ተንበርክከው፣ ከከፍታ ወደ ታች፣ ርቀቱን ሳይለኩ በዓይን ገምተው ይለቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚመዝኑት የማለዳውን የመጀመሪያ ፍላጻ ነው። ሜዳ ላይ አሥረኛው ቢመታ ምን ይረባል? ጫካ የሚሰጠው አንድ ዕድል ብቻ ነው።

፨

የኢትዮጵያ ምድር ለቀስት እንግዳ አይደለችም። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ኅብረ ቀለም አማርኛ ቀስተ ደመና ይለዋል፤ የደመና ቀስት ማለት ነው። እናቶች ጥጥ የሚነድፉበት መሣሪያ ደጋን ይባላል፤ የጎበጠ እንጨት በጅማት የተወጠረበት፣ ፍላጻ የሌለው ቀስት ነው። አዳኙ ቢረሳም ቀስቱ ቤት ውስጥ ቀርቷል።

የጽሑፍ ምስክርም አለ። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ታሪክ ይታወቃል። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ስጦታ የያዙ መልእክተኞች አስመስሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሰላዮች ላከ። ንጉሡ ነገሩ ገባው። ትልቅ ቀስት አስይዞ መለሳቸው፤ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት በቀላሉ መሳብ በቻሉ ጊዜ ይምጡ አለ። ከፋርሶች መካከል ያን ቀስት ጥቂት እንኳ መሳብ የቻለው የካምቢሰስ ወንድም ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ጣት ያህል። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ስለሆነ፣ ታሪኩ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ድንበር አይከተልም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ የፎከረው በቀስቱ አልነበረም፤ ቀስቱንማ ሰጣቸው። የፎከረው ከልጅነት ጀምሮ በተለማመደው ክንድ ነበር። ክንድ በስጦታም በዘረፋም አይገኝም።

በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ዓረብ ፈቂህ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ወገን የተሰለፉ ማያ የሚባሉ ቀስተኞችን ከነመርዘኛ ፍላጻቸው ያነሳቸዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ስለ ምዕራቡ ቆላ ቀስተኞች ጽፏል። ዛሬ በዚያ ቆላ የሚኖሩት ጉሙዞችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እንደ ብሩስ አገላለጽ፣ አዳኙ ከገደለው እንስሳ ቆዳ ላይ ጥቂት ቆርጦ እርጥቡን ቀስቱ ላይ ይጠቀልለዋል። ቆዳው ሲደርብ፣ ሲደርብ ቀስቱ ይደርቅና አልጎብጥ ይላል። አስቡት፤ የዚያ አገር ፉከራ በቃል ሳይሆን በቀስቱ ላይ የሚጻፍ ነበር። ብዙ የመታ ቀስት በመጨረሻ መምታት የማይችል ይሆናል፤ አዳኙም አዲስ ቀስት አንሥቶ እንደገና ይጀምራል።

ብሩስ ይህን ሲጽፍ እነዚያ ሰዎች ከደጋ በሚመጣ ዘመቻ ለባርነት ይታደኑ ነበር። ቀስቱ ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለነፃነትም የሚዘረጋ ነበር። የደጋው ሰው ግን ቀስተኞቹን የጠራቸው በሙያቸው አልነበረም፤ በስድብ ስም እንጂ።

፨

አሁን ወደ ካፋ።

ካፋ እስከ 1890 ዓ.ም. መባቻ ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው መንግሥት ነው። አገሩ ተራራና ጫካ የከበበው ብቻ አልነበረም፤ ዙሪያውን በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር ታጥሮ፣ መግቢያው ኬሎ በሚባሉ በሮች ብቻ ነበር። ነጋዴም፣ መልእክተኛም፣ ጠላትም የሚደርሰው መጀመሪያ እዚያ በር ላይ ነው። በሩን ማን ይጠብቅ ነበር? ማንጆ።

ማንጆ በካፋ የአዳኞች ወገን ነው። በጫካ ጠርዝ ይኖራል፤ በጦር፣ በወጥመድና በውሻ ያድናል። ለዘመናት የካፋ ገበሬ ከማንጆ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ወደ ቤቱም አያስገባውም፤ አይጋባውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ገለል የሚለው ማንጆው ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ጉሬዛ ይበላል፣ የዱር አሳማ ይበላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በኢትዮጵያ ብዙ አገር ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ባላባት ጀግና ነበር። ይዘፈንለታል፣ የጆሮ ጌጥ ያደርጋል፣ ሹመት ይጠብቃል። የዱር አሳማ የጣለ ማንጆ ግን ንጹሕ ያልሆነ ተባለ። ሁለቱም የገቡት ወደ ጫካ ነው። ሁለቱም የያዙት ጦር ነው። ሁለቱም ደም አፍስሰዋል። ልዩነቱ የመጣው ከጦሩ አይደለም፤ ከድስቱ ነው።

በሙያ እንመዝናቸው ከተባለስ? ባላባቱ ለአደን የሚወጣው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ሲወጣም ጋሻ ጃግሬውን አስከትሎ ነው። ቢስት ሌላው ይደግምለታል፤ ማታም ራቱን ይበላል። አዳኙ ማንጆ ከሳተ ግን ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። እንግዲህ ከሁለቱ እጅ የትኛው የተለማመደ ነበር? መልሱ ግልጽ ነው። መንግሥቱም ያውቀው ነበር። ባያውቀውማ ኖሮ የአገሩን በር ለናቀው ሰው አይሰጥም ነበር።

ጥቅሙ በበሩ ላይ ብቻ አልነበረም። የዱር አሳማና ጃርት የእንሰት ጠላት ናቸው። ዓመት ሙሉ የተደከመበትን ተክል በአንድ ሌሊት ቆፍረው ይጥሉታል። አሳማ አዳኙ አሳማን በገደለ ቁጥር የሚጠቀመው ከእሱ ጋር የማይበላው ገበሬ ነው። ገበሬው በአዳኙ እጅ ጎተራውን ሞላ፤ በዚያው እጅ የተነካ ዕቃ ግን ተጸየፈ።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት የምኒልክ ጦር ወደ ካፋ ዘመተ። ጠመንጃ የበዛበት ጦር አብዛኛው በጦርና በጋሻ ከሚዋጋ ሕዝብ ጋር ገጠመ፤ ያም ሆኖ ንጉሡን ለመያዝ ወራት ፈጀበት። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተማረከ፤ ከአገሩ ርቆ በግዞት ሞተ። ካፋ ተበዘበዘ፤ ሕዝቡ በጦርነት፣ በረኃብና በባሪያ ንግድ ተመናመነ። ኬሎዎቹ በር መሆናቸው አበቃ። በሩ ፈረሰ፣ ጠባቂው ሥራውን አጣ። ንቀቱ ግን አልፈረሰም። ከንጉሡም፣ ከፊውዳሉም፣ ከደርጉም ዘመን ተሻግሮ በ1994 ዓ.ም. የታመቀው ቂም ወደ ደም መፋሰስ ደረሰ።

፨

ይህ የካፋ ኃጢአት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ሰሜን ይመልከት። ጣና ዳር ወይጦዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከደንገል ታንኳ ሠርተው ሐይቁን የሚያቋርጡ፣ ጉማሬ አዳኞች። ጉማሬ በውኃ ውስጥ ታንኳን የሚገለብጥ አደገኛ እንስሳ ነው። ከምትወዛወዝ ታንኳ ላይ ሆኖ ለቅጽበት ብቅ ብሎ የሚጠልቅን ጉማሬ ለመምታት ምን ያህል ልምምድ ይፈልጋል? ጎረቤቶቻቸው ግን ያወሩት ስለ ውርወራቸው አይደለም፤ ጉማሬ ይበላሉ ብለው ከማዕድ ለዩአቸው።

ወደ ደቡብም ይመልከት። ቦረና ውስጥ ዋታዎች አሉ። በኬንያ በኩል ያሉት ወገኖቻቸው ዝሆን በቀስት በመጣል የታወቁ ነበሩ፤ ቀስታቸው በዓለም ላይ ከሚታወቁት ብርቱ ቀስቶች ጋር ይነጻጸራል። ፍላጻው ላይ ከመረንዝ ወገን ከሆነ ዛፍ የተቀመመ መርዝ ይቀቡ ነበር። መርዝ ስላለ መሳት ቀላል ነው ማለት አይደለም። መርዙ የሚሠራው ፍላጻው የዝሆንን ቆዳ አልፎ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዝሆኑ አጠገብ መድረስና ያን ብርቱ ቀስት እስከ መጨረሻው መሳብ ያስፈልጋል። ዋታም ከብት በሚያከብር ማኅበረሰብ መካከል ከብት የሌለው አዳኝ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ኖረ።

ማንጆ፣ ወይጦ፣ ዋታ። ሦስት አገር፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ዕጣ።

በዓለም ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በ1363 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ፣ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ሌላ ጨዋታ ትቶ ቀስት እንዲለማመድ አዘዘ። ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወደ ዒላማ ሜዳ ይሄዳል። በ1545 ከሰጠመችውና በ1982 ከባሕር ከወጣችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የጦር መርከብ ውስጥ ከመቶ በላይ ቀስቶችና በሺዎች የሚቆጠሩ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ መርከበኞች የትከሻ አጥንት ላይ የታየውን ለውጥ ተመራማሪዎች ከልጅነት ጀምሮ ቀስት ከመሳብ ጋር ያያይዙታል። ልምምድ እንደዚህ ነው፤ አጥንት ድረስ ይገባል። የእንግሊዝ ንጉሥ ሕዝቡን የወደደ ደግ ሰው ስለሆነ አይደለም ያን ያዘዘው። የተለማመደ እጅ የአገር ሀብት መሆኑ ስለገባው ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። በ1911 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከወገኖቹ ሁሉ ብቻውን የተረፈ አንድ የያሂ ሰው ከተራራ ወርዶ ተገኘ። ኢሺ ተባለ። ወገኖቹን ሰፋሪዎች ጨርሰዋቸው ነበር። ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ከኢሺ ጋር ተወዳጀና ቀስት መሥራትን፣ ማድባትን፣ አነጣጥሮ መልቀቅን ከእሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 ሞተ። ፖፕ የተማረውን በመጽሐፍ አሳተመው፤ ዛሬ በአሜሪካ ከአደን ወቅት በፊት ጓሮው ውስጥ ቀስት የሚለማመድ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ከዚያ ብቸኛ ሰው ዕውቀት ይቋደሳል። ሊያጠፉት የነበረው ሰው አስተማሪያቸው ሆነ። ዕውቀቱ የተረፈው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጠየቀውና ስለጻፈው ብቻ ነው።

፨

አንዳንዱ "የተናቁት በሚበሉት ነው እንጂ በሙያቸው አይደለም" ይል ይሆናል። ልክ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ሙያቸው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ከንቀት ሊያድናቸው አልቻለም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም የዚህ ዕጣ ተካፋይ ናቸው። በእጁ የሚያውቅ ሰው በአፉ ከሚያውቅ ሰው በታች ሆኖ የኖረበት አገር ነው።

ሌላው ደግሞ "ታዲያ አደን ይስፋፋ?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። የካፋ ጫካ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ጉሬዛው በዛፉ ላይ ይኑር።

ዒላማ ግን የግድ ነፍስ ያለው መሆን የለበትም። በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ቀስት ራሱን የቻለ ውድድር ነው። ኮርቦም አለ፤ አንዱ ወገን ቀለበት በመሬት ላይ ያንከባልላል፣ ሌላው በሚሮጠው ቀለበት መሐል ለማሳለፍ ይወረውራል። ቢታ ገነት ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘው ልጅ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የሚንቀሳቀስን ነገር ቀድሞ መድረስ። የዚያ ልጅ ክንድ ኮርቦና ቀስት የሚጫወትበት ሜዳ በትምህርት ቤቱ ቢያገኝ፣ የማንጆው ልጅና የገበሬው ልጅ በአንድ መስመር ቆመው ቢወረውሩ፣ ዒላማው የማንንም ዘር አይጠይቅም። ከዳኛ ሁሉ የማያዳላው ዳኛ እሱ ነው፤ ወይ ተመትቷል፣ ወይ አልተመታም።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚቸኩል ሥራ አለ። በካፋ፣ በጣና ዳር፣ በቦረናና በመተከል ጫካውን በእግራቸው የሚያውቁ አዛውንት አዳኞች አሉ። ዱካ እንዴት እንደሚነበብ፣ ነፋስ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ጦር ከመወርወሩ በፊት ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። ልጆቻቸው አያድኑም፤ ባያድኑም ይሻላል። ነገር ግን ማንም ቁጭ ብሎ ካልጠየቃቸው ያ ሁሉ ዕውቀት ከእነሱ ጋር ይቀበራል። ቦንጋ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የቡና ሙዚየምም አላት። የካፋ ቡና ታሪኩ ተጽፎለታል። ቡናው የበቀለበትን ጫካ ዛፍ በዛፍ የሚያውቀው፣ የመንግሥቱን በር የጠበቀው ሰውስ?

ፉከራው የግዳዩን ስም ይጠራል። ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ የወርዋሪውን ስም መጥራት አለበት።